«ደሜን ተመርምሬያለሁ፣ ጤነኛ ነኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም



ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በአደባባይ የማይወራ፣ በየቤቱ ግን የሚያስለቅስ ነው። ትዳር ከያዙ ሁለትና ሦስት ዓመት፣ ከዚያም በላይ ሆኗቸው ልጅ ያላገኙ ባለትዳሮች በእንጅባራም በዳንግላም፣ በቻግኒም በቲሊሊም አሉ። እንዲህ ባለው ቤት ቀድማ የምትጠየቀው ሚስት ናት። «ምን ሆነሽ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከአማት ይጀምራል፣ በጎረቤት ይቀጥላል፣ መጨረሻ ላይ ከባልም ይመጣል። እሷ ከጤና ጣቢያ ሆስፒታል ትመላለሳለች፣ አልትራሳውንድ ትነሳለች፣ ኪኒን ትውጣለች፣ ሩቅያም ይቀራባታል። ባል ደግሞ ብዙ ተለምኖ ሲሄድ እሺ የሚለው አንድ ምርመራ አለ፤ የደም ምርመራ። ክንዱን ይሰጣል፣ ወረቀቱን ይቀበላል፣ «ሆርሞኔ ልክ ነው ተብያለሁ» ብሎ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ክሱ ሁሉ ሚስት ላይ ያርፋል።

የጽሑፋችን ሐሳብ አጭር ነው። የደም ሆርሞን ምርመራ ጠቃሚ ምርመራ ነው፤ ነገር ግን አንድ ባል ማስወለድ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ጥያቄ ብቻውን አይመልስም። ያንን ወረቀት ብቻ ይዞ ሚስትን ጥፋተኛ ማድረግ፣ በእሱ ላይ ተመሥርቶ መፍታት ወይም ሌላ ማግባት ዙልም ነው እንላለን። ምክንያታችንን እናስረዳ።

መጀመሪያ የጉዳዩን ስፋት እንወቅ። ባለትዳሮች ለአንድ ዓመት ያህል ያለ መከላከያ አብረው ኖረው እርግዝና ካልመጣ ሕክምናው የመውለድ ችግር ይለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከስድስት አዋቂ ሰዎች አንዱ ያህል፣ በቁጥር 17.5 በመቶው፣ በሕይወት ዘመኑ ይህ ችግር እንደሚገጥመው አስታውቋል። በዚህ ችግር ወደ ሐኪም ከሚሄዱ ጥንዶች ውስጥ በግማሽ ያህሉ የወንዱ ወገን ችግር ይገኛል፤ አንዳንዴ ብቻውን፣ አንዳንዴ ከሴቷ ጋር ተደምሮ። ስለዚህ ባል ሳይመረመር ሚስት ብቻዋን የምትንከራተትበት ቤት ግማሹን መልስ ሳይፈልግ የቀረ ቤት ነው።

ዲናችንም በዚህ ጉዳይ ለወንዱ የተለየ መሸሸጊያ አልሰጠውም። በሱረቱ አሽ-ሹራ አንቀጽ 49 እና 50 አላህ (ሱ.ወ.) ልጅ መስጠትም መከልከልም የእሱ ፈቃድ መሆኑን ነግሮናል። እዚያ የመጣው «ዐቂም» የሚለው ቃል ለሴት ብቻ የተነገረ አይደለም። የፊቅህ ሊቃውንትም «ዒኒን» እና «ዐቂም» ብለው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ለይተዋል። ዒኒን ግንኙነት ማድረግ የማይችል ወንድ ነው። ዐቂም ግን ግንኙነቱ ጤናማ ሆኖ ልጅ የማይወለድለት ነው። በእኛ ዘንድ ሁለቱ ተደባልቀዋል። «እኔ ወንድ ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝም» የሚል ባል ዒኒን አለመሆኑን ነገረን እንጂ ዐቂም አለመሆኑን አላረጋገጠልንም። የሆርሞን ወረቀቱ ላይም የሚፈጸመው ስሕተት ይኸው ነው።

እንዴት? የሰውነታችንን አሠራር ቀለል አድርገን እንመልከተው። ከአንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ እጢ አለች። ከእሷ ሁለት ትእዛዞች በደም በኩል ወደ ዘር ፍሬ ይወርዳሉ። አንዱ ኤፍኤስኤች ይባላል፤ ዘር እንዲመረት ያደርጋል። ሌላው ኤልኤች ይባላል፤ ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን እንዲመረት ያዛል። የዘር ፍሬው ሥራውን በአግባቡ ከሠራ ፒቱታሪ ትረጋጋለች። የዘር ፍሬው ከደከመ ግን ፒቱታሪ ትእዛዟን ታበዛለች፤ ኤፍኤስኤች ከፍ ይላል። የደም ምርመራው የሚያሳየው ይህን የትእዛዝ ልውውጥ ነው።

ልውውጡ ደኅና መሆኑ ግን ምርቱ መውጣቱን አያሳይም። የወፍጮ ቤቱ ሞተር እየሠራ መሆኑን በድምፁ እናውቃለን፤ ዱቄት መውጣቱን ለማወቅ ግን ጆንያውን መክፈት አለብን። የዘር ፍሬው ዘር እያመረተ፣ ነገር ግን መተላለፊያ ቱቦው የተዘጋበት ወንድ አለ። ጨብጥን የመሰለ ያልታከመ የአባላዘር በሽታ ቱቦውን ሊዘጋው ይችላል። በብሽሽት አካባቢ የተደረገ ቀዶ ሕክምናም እንዲሁ። ቱቦው ሳይኖረው የተወለደም አለ። የእንዲህ ዓይነቱ ሰው ኤፍኤስኤች፣ ኤልኤችና ቴስቶስትሮን ሁሉም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ወረቀቱ «ኖርማል» ይላል፤ በዘር ፈሳሹ ውስጥ ግን አንድም ዘር አይገኝም። ዘሩ በቁጥር በቂ ሆኖ እንቅስቃሴው ደካማ የሆነበት ወንድም ሆርሞኑ ልክ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ይህ ባል ወረቀቱን አንጠልጥሎ «ችግሩ ያንቺ ነው» ቢላት ምን ይባላል?

ለዚህ ነው በሕክምናው ሥርዓት ለወንድ የመጀመሪያው የላቦራቶሪ ምርመራ የዘር ፈሳሽ ምርመራ የሆነው። ሐኪሙ ታሪኩን ይጠይቃል፣ አካሉን ያያል፣ ቀጥሎ የዘር ፈሳሹ ይመረመራል። የዘሩ ቁጥር፣ እንቅስቃሴውና ቅርጹ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመው መመሪያ እንደ ዝቅተኛ ማነጻጸሪያ የተቀመጠው በአንድ ሚሊሊትር 16 ሚሊዮን ዘር ነው። ይህ ቁጥር ራሱ ማነጻጸሪያ እንጂ የፍርድ መስመር አይደለም፤ ከእሱ በታች ሆነው አባት የሆኑ አሉ፣ ከእሱ በላይ ሆነው የዘገየባቸውም አሉ። የሆርሞን ምርመራ የሚታዘዘው በአብዛኛው ከዚህ በኋላ ነው፤ ዘሩ በጣም ጥቂት ከሆነ ወይም ጭራሽ ከጠፋ፣ የግንኙነት ፍላጎትና ብቃት ከቀነሰ፣ የዘር ፍሬው ካነሰ፣ ወይም ሐኪሙ ሌላ የሆርሞን ምልክት ካየ። በአጭሩ የዘር ፈሳሽ ምርመራ «ችግር አለ ወይ?» የሚለውን ይጠይቃል፤ የሆርሞን ምርመራ «ለምን?» የሚለውን።

ታዲያ ወንዶቻችን ለምን የመጀመሪያውን ዘለው ሁለተኛውን ይመርጣሉ? ምክንያቱ ሐያእ ነው። ክንድን ለመርፌ መስጠት አያሳፍርም፤ ትንሽ ብልቃጥ ተቀብሎ ናሙና አምጣ መባል ያሳፍራል። እንደ እንጅባራና ዳንግላ ባሉ፣ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ላቦራቶሪው በር ላይ የአጎት ልጅ ወይም የገበያ ደንበኛ ሊያገኙ ይችላሉ። ይህን እንረዳለን፣ አንንቀውምም። ሐያእ ከኢማን ነው። ሐቅን እንድንሸሽ የሚያደርገን ከሆነ ግን ሐያእ መሆኑ ይቀራል።

ከሸሪዓ አንጻር የሚጨነቁ ወንድሞችም አሉ። የዘመናችን ብዙ ዑለማዎች ለሕክምና ተብሎ ናሙና መስጠትን በሐጃ፣ ማለትም በአስፈላጊነቱ ምክንያት፣ ፈቅደዋል። ከሚስት ጋር በመሆን ናሙናውን ማውጣትም ይቻላል። ለዚህ የተዘጋጀ፣ ዘሩን የማይጎዳ የሕክምና ኮንዶም አለ፤ ተራው ኮንዶም ግን ዘሩን ስለሚጎዳ አይሆንም። ልብ ያልረጋለት ሰው የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ፤ ጥያቄውን ምክንያት አድርጎ ምርመራውን ግን አይተወው። ናሙናው ከግንኙነት ከ2 እስከ 7 ቀን ተቆይቶ ይሰጣል። ከቤት የሚመጣ ከሆነም በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። የእንጅባራ ብርድ የታወቀ ነውና ብልቃጡን በእጅ አንጠልጥሎ ሳይሆን ከልብስ ሥር፣ ከሰውነት አስጠግቶ መያዝ ይገባል።

አንድ ነገር እንጨምር። የዘር ምርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ብርቱ ትኩሳት ያለፈበት ሰው ለተወሰኑ ወራት ዘሩ ቀንሶ ሊታይ ይችላል። ወደ ጃዊ ቆላ ለሥራ ወርዶ ወባ ይዞት የተመለሰ ወንድማችን ይህን ለሐኪሙ መንገር አለበት። የመጀመሪያው ውጤት ጥሩ ካልሆነም ምርመራው ይደገማል እንጂ በአንድ ወረቀት ተስፋ አይቆረጥም።

አሁን ወደ ሆርሞኑ እንመለስ። ሐኪም ካዘዘው በምን ሁኔታ ይሠራ? ቴስቶስትሮን በጠዋት ከፍ ይላል፣ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ይቀንሳል። ስለዚህ ደሙ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት፣ ቢቻል ምግብ ሳይቀመስ ቢወሰድ ይመረጣል። ሌሊቱን ሳይተኙ አድረው ወይም ታመው ሳሉ መለካትም ያሳስታል። ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ በጠዋት መኪና ተሳፍሮ ባሕር ዳር የሚደርስ ሰው ምዝገባውንና ወረፋውን ጨርሶ ደም ሲሰጥ ረፋዱ አልፎ ቀትር ሊሆንበት ይችላል። መንገዱም እንደ ልብ በማይሆንበት ጊዜ ችግሩ ይብሳል። ከቻለ ዋዜማውን ሄዶ ይደር፤ ወይም ደሙን እዚሁ ባለ ላቦራቶሪ በጠዋት መስጠት ይችል እንደሆነ ይጠይቅ። ዝቅ ብሎ የተገኘ ቴስቶስትሮን በሌላ ቀን ጠዋት ተደግሞ ካልተረጋገጠ መደምደሚያ አይሆንም።

መለኪያውንም እንወቅ። ብዙ መመሪያዎች በዴሲሊትር 300 ናኖግራምን የቴስቶስትሮን ዝቅተኛ ወሰን ያደርጉታል። አንዳንድ ላቦራቶሪ ግን በሚሊሊትር ይጽፋል፤ ያኔ ያው ቁጥር 3 ይሆናል። በሌላ መለኪያ ደግሞ 10.4 ናኖሞል በሊትር ይባላል። ስለዚህ የአንዱ ወረቀት 420፣ የጓደኛው 4.2 ቢል ሁለቱ እኩል ናቸው። ቁጥርን ከሻይ ቤት ጓደኛ ቁጥር ጋር አስተያይቶ መደናገጥም መኩራትም ከንቱ ነው። ወረቀቱ የሚነበበው በሐኪም ነው፤ ከዘር ፈሳሹ ውጤትና ከአካል ምርመራው ጋር ተያይዞ።

እንዲህ ሲነበብ ብዙ ነገር ይናገራል። በዘር ፈሳሹ ውስጥ ዘር ከሌለና ኤፍኤስኤች ከፍ ካለ ችግሩ የዘር ፍሬው የማምረት አቅም ላይ መሆኑን ያመለክታል። ዘር ከሌለ፣ ኤፍኤስኤች ግን ልክ ከሆነና የዘር ፍሬው መጠን ጤናማ ከሆነ መዘጋት ሊሆን ይችላል። ኤፍኤስኤች፣ ኤልኤችና ቴስቶስትሮን ሦስቱም ዝቅ ካሉ የጎደለው ከላይ የሚወርደው ትእዛዝ ነው። ይህኛው በወንዶች መካንነት ውስጥ በመድኃኒት በደንብ ከሚታከሙት አንዱ ነው፤ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ በሚወስድ የሆርሞን መርፌ ዘር መመረት ሊጀምር ይችላል። ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን በጣም ከፍ ካለ ደግሞ በፒቱታሪ ላይ ትንሽ ዕባጭ ሊኖር ይችላል። ራስ ምታትና የዓይን መጋረድ አብረው ይመጡ ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ በኪኒን ይታከማል። አያችሁ፤ ልጅ ፍለጋ የገባ ሰው ሳያውቀው የኖረውን ሌላ በሽታ አግኝቶ ሊታከም ይችላል። የሆርሞን ምርመራ ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

አደጋውም እዚሁ አጠገብ ነው። ቴስቶስትሮኑ ዝቅ ያለ ወንድ «ወንድነቴ ቀነሰ» ብሎ ይደነግጣል፤ የቴስቶስትሮን መርፌ ይወጋል፣ ወይም ጡንቻ ለማሳደግ ብሎ ይወስደዋል። ወንድሞች፤ ልጅ ለሚፈልግ ሰው ይህ መርፌ ጠላት ነው። ከውጭ ቴስቶስትሮን ሲገባ ፒቱታሪ «በቂ አለ» ብላ ትእዛዟን ታቆማለች። በዘር ፍሬው ውስጥ ያለው ቴስቶስትሮን ይወርዳል፣ የዘር ምርትም ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ መርፌ ለወንዶች የእርግዝና መከላከያነት ሞክሮት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት በየሳምንቱ 200 ሚሊግራም ከተወጉ 271 ጤነኛ ወንዶች 157ቱ ዘራቸው ጭራሽ እስኪጠፋ ደርሷል። መርፌው ሲቆም ብዙዎች ይመለሳሉ፤ መመለሱ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ስለዚህ «ሆርሞን ቀንሷል» ሲባል ሆርሞኑን ከመደርደሪያ ገዝቶ መሙላት ሕክምና አይደለም። ማንኛውም ወንድ ለሐኪሙ ሊናገረው የሚገባው የመጀመሪያ ቃል «ልጅ እፈልጋለሁ» የሚለው ይሁን።

«ኤፍኤስኤችህ ከፍ ብሏል» የተባለውም ወንድም በሩ ሁሉ እንደተዘጋ አይቁጠር። ዘራቸው በፈሳሹ ውስጥ ከጠፋ፣ ምርታቸውም ከተዳከመ ወንዶች መካከል በግማሽ ያህሉ ከዘር ፍሬው ውስጥ በረቀቀ ቀዶ ሕክምና ዘር ሊገኝ ይችላል። ያ ዘር ከሚስቱ እንቁላል ጋር በላቦራቶሪ ይገናኛል። በአገራችን የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። ሃይማኖታዊ ብያኔውን በተመለከተ፣ ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1986 አማን ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ ዘሩ የባል፣ እንቁላሉና ማሕፀኑ የራሷ የሚስቱ ሆኖ ትዳሩ ጸንቶ ባለበት በሚፈጸመው ሕክምና ላይ አስፈላጊ ሲሆን ክልከላ እንደሌለ ወስኗል። ሦስተኛ ሰው የሚገባበትን ግን ከልክሏል። ወጪው ከባድ፣ መንገዱ ረጅም፣ ውጤቱም ዋስትና የሌለው መሆኑን አንደብቅም። ነገር ግን ተስፋ መቁረጥና ሰበብን ማድረስ አንድ አይደሉም።

አንዳንድ ወንድሞች «ልጅ የአላህ ስጦታ ነው፤ ምርመራ ምን ይጨምራል?» ይላሉ። ልክ ነው፤ ስጦታው የአላህ ነው። ታዲያ ይህ ንግግር ሚስት ስትመረመር ለምን አይነሳም? ተወኩል ከሆነ ለሁለቱም እኩል ተወኩል ይሁን። ሰበብ ማድረስ ከሆነም ሁለቱም እኩል ያድርሱ። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን አዝዘውናል፤ ትእዛዙም ለሴቶች ብቻ አልመጣም። ዱዓእና ሩቅያ የሚያደርግም ያድርግ፤ ከላቦራቶሪ ጋር አይጣላም።

ሌሎች ደግሞ «ሌላ ባገባ ይታወቃል» ይላሉ። በሸሪዓ ስለተፈቀደው ነገር አንከራከርም። ግን እንጠይቅ፤ ችግሩ የባል ከሆነ ሁለተኛዋ እህት ምን ልታገኝ ነው የምትገባው? የመጀመሪያዋን እንባ ልትካፈል? የሰው ልጅ የባል ጤና መፈተኛ አይደረግም። ኢብኑል ቀይም በዛዱል መዓድ እንዳወሱት፣ ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ልጅ የማይወለድለት ሰው ማግባቱን ባወቁ ጊዜ፣ ሁኔታውን ለሚስቱ እንዲነግራትና ምርጫውን ለእሷ እንዲተው አዝዘውታል። ያ ሰው ምንም የላቦራቶሪ ወረቀት አልነበረውም። ዛሬ ማወቅ የሚቻልበት መንገድ እያለ ላለማወቅ መሸሽ፣ ወይም አውቆ ወረቀቱን ደብቆ ሚስትን ማስወቀስ እንዴት ይታያል? የትዳር አማና ይህን አይሸከምም።

ጊዜም አለ። ወንዱ «ነገ እሄዳለሁ» እያለ በሚያሳልፋቸው ዓመታት የሚስት ዕድሜ ይሄዳል። የሴት የመውለድ አቅም ከ35 ዓመት በኋላ ፈጥኖ ይቀንሳል። ለዚህም ነው ሐኪሞች ሚስት 35 ካለፈች አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ ከስድስት ወር በኋላ ምርመራ ይጀመር የሚሉት። ባል በእፍረቱ ያጠፋው ጊዜ የሚቆረጠው ከእሷ ነው።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው።

ለባሎች፦ ከሚስታችሁ ጋር በአንድ ቀን፣ አብራችሁ ሂዱ። የዘር ፈሳሽ ምርመራውን አስቀድሙ፤ ሆርሞኑን ሐኪም ሲያዝ ሥሩ። ወረቀቱን ለሐኪም እንጂ ለእናታችሁ አታሳዩ።

ለሚስቶች፦ «የባሌ ደም ደኅና ነው» ተብሎ ሲነገራችሁ ጥፋተኝነትን በዚያው አትቀበሉ። «የዘር ፈሳሹስ?» ብላችሁ በአደብ የመጠየቅ ሐቅ አላችሁ።

ለአማቶችና ለዘመድ፦ ምራታችሁን ከመጠየቃችሁ በፊት ልጃችሁን ጠይቁ። ካልቻላችሁ ዝም በሉ፤ ዝምታውም ሶደቃ ይሆንላችኋል።

ለኢማሞችና ለሽማግሌዎች፦ «ልጅ አልወለደችልኝም» ብሎ ፍቺ የሚጠይቅ ባል ሲመጣ፣ የሁለቱም ምርመራ ተሟልቶ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትለፉ። አንዲት ጥያቄ አንድ ቤት ታተርፋለች።

ለጤና ባለሙያዎች፦ በር የሚዘጋ ክፍልና የተጠበቀ ምስጢር ካለ ወንዶቻችን ይመጣሉ። ምስጢር የወጣበት ላቦራቶሪ ግን አሥር ባሎችን ወደ ቤታቸው ይመልሳል።

ልጅ ያላገኘ ወንድ ወንድነቱ አልጎደለም፤ ልጅ ያላገኘች ሴትም ሴትነቷ አልጎደለም። ሁለቱም በአንድ ፈተና ውስጥ ያሉ ባሮች ናቸው። ፈተናውን አብረው ከተሸከሙት ይቀላል፤ አንዱ በሌላው ላይ ከጫነው ይሰብራል።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጅ ለተመኙ ሁሉ ሷሊሕ ዘር ይስጥልን። ለዘገየባቸው ሶብር፣ በባልና ሚስት መካከልም እዝነትና ሐቅን ያኑርልን። አሚን። ጽሑፉን ለሚጠቅመው ሰው በምስጢር አድርሱት፤ በአደባባይ ስሙን ጠቅሳችሁ ግን አታሳፍሩት።

ወላሁ አዕለም።